የሽንፋ ሴቶች ስፌት የተማሩበት ሳምንት

በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንድ የክረምት ሳምንት፣ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ስፌት ሊማሩ ቆርጠው የተነሱ መስሎኝ ነበር። እናቴ ውባንች፣ ጎረቤታችን መስቱራ፣ ከእነሱ ወዲያ ያሉት አሮጊት ሳይቀሩ በየአጥራቸው ሥር ተቀምጠው፣ ሳር ጭናቸው ላይ አድርገው ይውሉ ነበር። እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው አይቼ ሳቅሁባቸው። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ሕፃን ነበርሁ እያልሁ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አይሳካልኝም።

የስፌት አስተማሪያችን የእትዬ መንበረ ልጅ፣ ጓደኛዬ ያብስራ፣ በዚያው ሳምንት ዋዜማ ሞታ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ሳንጃ አያቷ ዘንድ ሄደች ተብሎ ነው።

እትዬ መንበረ ከደጋ ወርደው ሽንፋ የከተሙ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ያላቸው ልጅ ያብስራ ብቻ ናት። ለስፌት የሚሆነው ስንደዶና አክርማ እኛ ቆላ አይገኝም፤ ከላይ፣ ከደጋ፣ በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ ነው የሚመጣላቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያብስራን ጨምሮ የሰፈሩን ስድስት ሴቶች ልጆች በግቢያቸው ባለው ራኩባ ሥር ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። ራኩባ የምንለው አራት እንጨት ላይ የተጋደመ የሳር ጥላ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል።

ሲያስተምሩ አያወሩም ነበር። “ስፌት ባፍ አይነገርም” ይሉና ከኋላችን ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው በግራና በቀኝ ያቅፈናል፤ እጃቸውን እጃችን ላይ ጭነው ወስፌውን አብረውን ይወጉታል። መዳፋቸው የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ተራዬ እስኪደርስ የምጠብቀው ለስፌቱ አልነበረም። እናቴ ሥራ የበዛባት ሴት ስለነበረች እንደዚያ አድርጋ አቅፋኝ ስለማታውቅ ነው። ያብስራ ይህን ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ አንዳንዴ የራሷን ተራ ለእኔ ትለቅልኝ ነበር።

አክርማ ከደረቀ ይሰበራል። ስለዚህ ስድስታችንም የምንነክርበት አንድ ገበቴ ውሃ መሐላችን ነበር፤ ከገበቴው ያወጣነውን ደግሞ እንዳይደርቅ ከንፈራችን ላይ እንይዘዋለን። ሰፊ ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምታደርገው። አክርማ ባፏ ይዛ እያወራች የምትሰፋ ሴት ማየት ለእኛ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ ላይ፣ ዓመቱ 1998 ነው፣ አተት ገባ። ለሰሊጥ አረም ከየአገሩ የመጡት ቀን ሠራተኞች ከእርሻው በቃሬዛ ወደ ከተማ ይመጡ ጀመር። የሰፈር ወሬ ሁሉ ቁጥር ሆነ፤ “ትናንት ሦስት፣ ዛሬ አምስት” ይባባላሉ፣ እኛ ስንጠጋ ዝም ይላሉ። ከከተማው ዳር ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተከለ። እኔ ሠርግ ያለ መስሎኝ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ጠየቅሁና እናቴ ተቆጣችኝ።

የጤና ሠራተኛዋ ሰርካለም ድምፅ ማጉያ ይዛ በየመንገዱ ትለፍፍ ነበር። ሠርግ ክልክል፣ ተዝካር ክልክል፣ ማኅበር ክልክል፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል። አንድ ቀን ጠዋት ስንሰፋ ደረሰችብንና ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

“እትዬ መንበረ፣ እባክዎ ልጆቹን ይበትኑልኝ።”

“ልጆች እኮ ናቸው፣ ሰርካለም። ምን ያጠፋሉ?”

“እኔም ልጆቹን ነው የፈራሁ። ስድስት እጅ አንድ ገበቴ ውስጥ! ሳሩን ደሞ ባፋቸው ይዘው! እስኪ ይዩዋቸው።”

እትዬ መንበረ ዞር ብለው አዩን። የስድስታችንም ከንፈር ላይ አክርማ ተንጠልጥሏል። አንድ ላይ ተፋነው። ያብስራ ሳቋ መጣባትና አፏን በእጇ ከደነች።

ያኔ ትምህርቱ ያበቃ መስሎኝ አልቅሼ ነበር። እትዬ መንበረ ግን ሁለት ቀን ሲያስቡ ቆይተው መላ አመጡ። ከስድስታችን ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ስለነበሩ ቀሩ፤ ከያብስራ ሌላ ያለነው ሦስታችን ግን ግቢያችን ከእሳቸው ግቢ ጋር ይዋሰናል። አጥሩ የማሽላ አገዳ ነው። እያንዳንዳችን በየራሳችን ግቢ፣ አጥራችን ሥር እንድንቀመጥ አዘዙ። ያብስራም በእነሱ በኩል፣ ለብቻዋ፣ ከእኛ ጋር በሚያዋስነው ጥግ ተቀመጠች። ሳሩን ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ለየብቻ አስረው አደሉን። እያንዳንዳችን የፈላ ውሃ በየራሳችን ቅል። “ሳር አፉ ውስጥ ያየሁበትን ልጅ ወስፌውን እቀማዋለሁ” አሉ።

ከዚያ ስፌት ባፍ አይነገርም ያሉት ሴትዮ ግቢያቸው መሐል ቆመው ባፋቸው ያስተምሩን ጀመር።

“ሦስት ቀይ! ሁለት ነጭ! ወስፌውን ከሥር! ሳትለቂ ሳቢ!”

ቀይ የሚሉት አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን አክርማ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። አንዷ ስትቀድም አንዷ ትቀራለች፣ የእኔ ሙዳይ በአንድ ጎኑ አብጦ በሌላው ሰርጉዶ ነበር። እሳቸው አይተው ማቃናት አይችሉም። በማግስቱ አዲስ ሥርዓት አወጡ፤ የተባለውን የጨረሰች “ያዝሁ!” ብላ ትጮሃለች፣ ሁላችንም ካልን በኋላ ቀጣዩ ይነገራል። እንዲህ ሆኖ ሠመረ። ከዚህም ከዚያም “ያዝሁ! ያዝሁ!” ሲባል መንገደኛ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔ የቸኮልሁት ሙዳዬን ከያብስራ ቀድሜ ለመጨረስ ነው፤ ቀድሜ ከጨረስሁ አጥሩን ዞረው መጥተው ያቅፉኛል ብዬ ነበር።

በዚህ መሐል ሆዴን አመመኝ። አባቴ አዱኛ የትራክተር ሹፌር ስለነበር እርሻ ላይ ነው። እናቴ ሁለት ቀን በሯን ዘግታ ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ በማንኪያ ስታጠጣኝ ሰነበተች። እትዬ መንበረ በአጥሩ ሲጠሩኝ “ጉንፋን ይዟታል” አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ ጉንጬን ይዛ፣ “ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ድንኳኑ ውስጥ ያስገቡሻል። ሰምተሻል?” አለችኝ። ሰምቻለሁ። ያልበሰለ ማንጎ ስለበላሁ ያፈረችብኝ ነበር የመሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀለል ሲለኝ ወደ አጥሬ ተመለስሁ። ሌሎቹ በዙር ቀድመውኛል፤ ለመድረስ ስጣደፍ ቀዩን ቶሎ ጨረስሁት። ከያብስራ ጋር በሚያዋስነን ጥግ፣ ከአገዳው ሥር፣ አንድ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር።

“ቀይ አለቀብሽ አይደል?” አለችኝ በሹክሹክታ። “ሆዳም!”

“ስጪኝ በቃ።”

“ምን ትሰጪኛለሽ?”

አክርማ በመሰንጠቅ ከእሷ እበልጥ ነበር። እትዬ መንበረ ዞር እስኪሉ ጠብቄ፣ በደንብ የለሰለሰ ቀጭን ነጭ ከከንፈሬ ላይ አንስቼ በቀዳዳው ሰጠኋት። ወስዳ ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ቀዩንም ከአፏ አውጥታ አቀበለችኝ፣ እኔም አፌ ውስጥ ከተትሁት። “ያዝሁ!” አልን እኩል። በዚያን ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሳንለዋወጥ አልቀረንም፣ በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ መንበረ ጠዋት ላይ አልጮሁም። ጠበቅሁ፣ ድምፅ የለም። በማግስቱ በማለዳ ሁለት ሰዎች ጀርባቸው ላይ የመርጫ ዕቃ አዝለው ወደ ግቢያቸው ሲገቡ በአጥሩ አየሁ። ለሰሊጥ ትል የሚረጩትን ዓይነት ነው።

“እነ ያብስራ ቤት ምን ይረጫሉ?” ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

“ምስጥ ገብቶባቸው ነው።”

“ያብስራስ?”

“ሳንጃ ሄዳለች። አያቷ ዘንድ።”

“በምን ሄደች?”

“በመኪና።”

“ሳትሰናበተኝ?”

“ማስተዋል፣ አትጨቅጭቂኝ!” አለችና ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ቆማ ነበር።

ቆሽቴ አረረ። እኔን ጥላ፣ ያን ሁሉ አለላ ይዛ፣ ለሳንጃ ልጆች ልትታይ ሄደች! ስትመለስ ሳምንት ሙሉ ላላናግራት ማልሁ። የማልሁትም በእሷው ስም ነው፤ ያን ጊዜ ከእሷ የበለጠ የምምልበት ሰው አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴን አጥሩ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። በወዲያ በኩል እትዬ መንበረ ተቀምጠዋል፤ በአገዳው መሐል ነጠላቸው ይታያል። አይተያዩም።

“እኔ ነኝ” ትላለች እናቴ። “እኔ ነኝ፣ መንበረ። እኔ ነኝ የደበቅሁት።”

እትዬ መንበረ ቀና ብለው በአገዳው መሐል እኔን አዩኝ። ከዚያ “ተነሽ” አሉ። “ልጅሽ እየመጣች ነው።”

እናቴ ድስታቸውን ተውሳ የሰበረች መሰለኝ። ምን ያህል ትልቅ ድስት ቢሆን ነው እንዲህ የምታለቅስ ብዬ ገረመኝ።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ሴቶቹ ወጡ። መስቱራ በአጥሯ ሥር፣ አሮጊቷ በአጥራቸው ሥር፣ እናቴ ከእኔ አጠገብ። ሁሉም ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ መስቱራም ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራለች። እትዬ መንበረ በየአጥሩ አናት ላይ እፍኝ እፍኝ ሳር አስቀምጠው ወደ ግቢያቸው መሐል ተመለሱ። ነጠላው ለምን እንደተዘቀዘቀ አልጠየቅሁም። ተማሪ በመብዛቱ ነው የተደሰትሁት።

“ሦስት ቀይ!” አሉ እትዬ መንበረ።

ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። ጎርንኗል፣ ደግሞም ይጎተታል። “ሦ…ስት ቀይ፣ ሁለ…ት ነጭ” ሲሉ ዜማ አለው። መስቱራ ወስፌውን በጀርባው ይዛ ደረቷን በሌላው እጇ ትመታ ነበር። እናቴ ደጋ ሳለች መሶብ ሳይቀር የሰፋች ሴት ናት፤ አሁን አንድ ቦታ ወግታ፣ ነቅላ፣ እዚያው መልሳ ትወጋለች። እንባዋ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። ወስፌው ጣቷን ወግቷት መሰለኝ።

“እማዬ ረስታዋለች! መስቱራም አልቻለችም! ኧረ እዩዋቸው!” ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ እትዬ መንበረ ጮህሁ፦ “እትዬ፣ ያብስራ ትምጣና እነዚህን ሰነፎች ትያቸው!”

እናቴ እጇን አፌ ላይ አድርጋ ጨመቀችኝ። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ መንበረ ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ነገር ሲያነሱ አየሁ። ይዘውት ቆሙ። ከዚያ ለቀቁት።

“ሁለት ነጭ በይ፣ ማስተዋል” አሉኝ።

“ያዝሁ!” አልሁ በእናቴ ጣቶች መሐል።

ሰርካለም በዚህ መሐል ከአንድ ሚሊሻ ጋር መጣች። ሚሊሻው ሴቶቹን ዞር ዞር ብሎ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

“ምንድን ነው ይሄ? ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል አልተባለም?”

“ስፌት ነው፣ ወንድሜ” አለች መስቱራ እንባዋን ሳትጠርግ። “እየተማርን ነው። በየቤታችን ነን። ማን ተሰበሰበ?”

ሚሊሻው ሰርካለምን አያት። ሰርካለም ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አነሳችና መልሳ አወረደችው። “ይቀጥሉ፣ እትዬ” ብላ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ከአጥሩ ርቃ ፊቷን በነጭ ካፖርቷ እጅጌ ስትጠርግ አየኋት። ላቧን ነበር የመሰለኝ።

ሰባት ቀን እንዲሁ ሆነ። ዛሬ ሳስበው ሰባቱም ቀን ሴቶቹ በየተራ ድምፅ ያወጡ ነበር፤ “ያዝሁ” የሚሉት እኔ እንደምለው አልነበረም፣ ረዘም አድርገው፣ እስትንፋሳቸው እስኪያልቅ ነበር። ለቅሶ ተከልክሎ ስለነበር የተፈቀደላቸው ጩኸት ያ ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን አንዳቸውም አልመጡም። ሰነፎች፣ ሰለቻቸው አልሁ። እኔ አጥሬ ሥር ቀርቼ እትዬ መንበረ እንደገና እስኪጮሁ ስጠብቅ፣ በመንገድ ዞረው በእኛ በር ገቡ። ሙዳዬን ተቀብለው አዩት።

“ተጣሞብሻል” አሉኝ። ሁለት ዙር ፈቱብኝና መለሱልኝ። አላቀፉኝም፤ እኔም በአተቱ ምክንያት ነው ብዬ አልከፋኝም።

ያብስራ መሞቷን የሰማሁት መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ከማላውቃት ልጅ አፍ ነው። “ያቺ ባተት የሞተችው ልጅ ጓደኛ አንቺ ነሽ?” አለችኝ። ለትልቅ ሰው መርዶ ሲነገር ሰው ተመርጦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መርዶ የሚያረዳ የለም። አላለቀስሁም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቄ ነበር፤ አጥር ሥር የሳቅሁት። እትዬ መንበረ ዘንድ ከዚያ ወዲያ አልሄድሁም፤ መንገድ ላይ ካየኋቸውም ጥጌን ይዤ አልፋለሁ።

ጎንደር ነርስነት ስማር፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ መምህራችን አተት እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዳን ነበር። ታሞ የዳነ ሰው እንኳን እስከ ሁለት ሳምንት ለሌላው ሊያስተላልፍ እንደሚችል ነገረን፤ በእጅ፣ በዕቃ፣ አፍ ውስጥ በሚገባ በማንኛውም ነገር። ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ሁለት ቀን የቆየው ጉንፋኔ፣ እናቴ አጥሩ ሥር ተንበርክካ ያለችው፣ በቀዳዳው ያቀበልሁት ነጭ አክርማ፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። እናቴን እንዳልጠይቃት ካረፈች ዓመት አልፏት ነበር።

በ2011 ጥር ላይ ሽንፋ ወርጄ የእትዬ መንበረን በር አንኳኳሁ። አርጅተዋል፤ ራኩባው የለም፣ አጥሩም ቆርቆሮ ሆኗል። ከመቀመጤ በፊት ተናገርሁት፣ ከተቀመጥሁ እንደማልናገረው ስለማውቅ።

“እትዬ፣ ያን ጊዜ ጉንፋን አልነበረም የያዘኝ።”

“አውቃለሁ። እናትሽ ነግራኛለች።”

“አክርማ ከአፌ አውጥቼ ሰጥቻት ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ።”

ይህን አያውቁም ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

“እሷም ሰጥታሻለች?” አሉኝ።

“አዎ።”

“እንግዲህ ወንዙም ነበር፤ ጉድጓዱም ነበር። ከየት እንደያዛት እግዜር ይወቀው።” ቀና ብለው አዩኝ። “ግን አልዋሽሽም፣ ማስተዋል። ጠልቼሻለሁ። እናትሽን አይደለም፤ እኔም ብሆን ልጄን እደብቃት ነበር። አንቺን ነው የጠላሁ። ያብስራ ትምጣ ብለሽ ስትስቂ ድንጋይ አንስቼልሽ ነበር።”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? እንደነሱ ‘ያዝሁ’ እያልሁ አላለቅስ፣ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ሦስት ቀይ እያልሁ ካልጮህሁ ልጄን እያልሁ ልጮህ ነው፤ ልጄን ካልሁ ደሞ ሚሊሻው ሴቶቹን ይበትንብኛል። አንቺ ‘ያዝሁ’ ስትዪ ነበር የምቀጥለው። የጠላሁሽን ያህል እንዳትቆሚብኝም እፈራ ነበር።”

ማልቀስ ፈልጌ አቃተኝ። ያልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብሯን ያሳዩኝ።

“የትኛውን?” አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ነጠላቸውን ደርበው ወጡ፣ ተከተልኋቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወዲያ፣ የክረምቱ ሳር ደርቆ በተኛበት ሜዳ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ክምሮች ጎን ለጎን ነበሩ። በመሐላቸው አሥር እርምጃ ያህል ቢሆን ነው።

“በዚያ ቀን ሁለት ሴቶች ልጆች ነው ከድንኳኑ ያመጡ” አሉኝ። “እኔን ከበሬ አላስወጡኝም። ኋላ የቀበሩትን ስጠይቃቸው አንዱ ይሄ ነው አለኝ፣ አንዱ ያ ነው አለኝ። የዚያችኛዋ እናት ጎጃም ገብታለች። ስለዚህ ለሁለቱም እኔው ነኝ የምመጣ። ግን ሰው አንድ ነው፣ እዚህ ስቀመጥ ሆዴ እዚያ ነው፣ እዚያ ስቀመጥ እዚህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ልቤ አርፎ አላለቀስሁላትም።”

ከፊተኛው ክምር አጠገብ መሬቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

“ዛሬ ሁለት ነን። አንቺ እዚያኛው ዘንድ ሂጂ። አንዳችን እሷ ጋ እንሆናለን።”

ሄጄ ተቀመጥሁ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ነበር። እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን፣ ጮክ ብለን አለቀስን።